ተመሳሳይ ማሽን፣ ተመሳሳይ ክር፦ አንዱ ፋብሪካ ሲያተርፍ ጎረቤቱ ለምን ይከስራል?

ፈታይ (ይህን የውይይት ክር የከፈተ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እዚህ መድረክ ላይ ፋብሪካዎቻችን ለምን አልሆን እንዳላቸው ብዙ ተባብለናል። ዶላር ተነሳ፣ መብራት ተነሳ፣ ሙስና ተነሳ። በደንብ ያልተነሳው ማኔጅመንት ነው። "እሱ ወሬ ነው፣ አይለካም" የሚሉ አሉ። ተለክቷል። እንዴት እንደተለካ ላውራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ሕንድ ውስጥ ከሙምባይ በስተሰሜን ታራፑርና ኡምበርጋዎን የሚባሉ የጨርቃ ጨርቅ ከተሞች አሉ። ኢኮኖሚስቶቹ ኒኮላስ ብሉም፣ ዴቪድ ማኬንዚ፣ ጆን ሮበርትስና ባልደረቦቻቸው በ2008 እዚያ ወረዱ። በቤተሰብ የሚመሩ 17 ድርጅቶችን ያዙ። በአማካይ 270 ገደማ ሠራተኛ ያላቸው ናቸው፤ ትናንሽ ጓዳዎች አይደሉም። ከዚያ በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ለ11ዱ ከታወቀ ዓለም አቀፍ ድርጅት አማካሪ ተመደበ፣ ለወራት፣ በነፃ። 6ቱ ለአንድ ወር ብቻ ታዩና ተለኩ።

መጀመሪያ ሲገቡ ያዩትን ስሙ። ግቢው ዙሪያ ቆሻሻ ተከምሯል። ወለሉ ላይ መፍቻና የተሰበረ ዕቃ ተጥሏል። ስቶር ውስጥ ክሩ በዓይነትም በቀለምም ሳይለይ ተደራርቧል፤ ከሥር ያለው ጥቅል ተጨፍልቋል። የተጨፈለቀ ጥቅል ማሽኑ ላይ ሲወጣ እኩል አይሳብም። ስቶሩ ውስጥ ምን እንዳለ የሚናገር መዝገብ የለም። እኔን በጣም የገረመኝ ግን ይሄ ነው፦ ከሰው ኃይሉ 19 በመቶው የሚውለው የተሸመነ ጨርቅ ላይ እንከን ሲፈልግና ሲጠግን ነበር። አምስት ሰው ቀጥረህ አንዱ የአራቱን ጥፋት ሲያርም ይውላል ማለት ነው።

አማካሪዎቹ ያመጡት አዲስ ማሽን የለም። 38 አሠራሮችን ነው ያስጀመሩት። ማሽን ሳይበላሽ መጠገን። እንከን ሲገኝ ዓይነቱንና የወጣበትን ማሽን መዝግቦ በየቀኑ መነጋገር። ክሩን ቆጥሮ፣ ለይቶ፣ ስም ለጥፎ መደርደር። በመጀመሪያው ዓመት ምርታማነታቸው ከሌሎቹ አንጻር በ17 በመቶ ጨመረ። እንከኑ ወደ ግማሽ ወረደ። ትርፉ ሲገመት ለአንድ ፋብሪካ በዓመት ወደ 300 ሺህ ዶላር ደረሰ።

ታዲያ ይሄን ያህል ብር መሬት ላይ ተኝቶ ባለቤቶቹ ለምን አላነሱትም? አንዱ ምክንያት ችግር እንዳለባቸው አለማሰባቸው ነው። ጎረቤታቸውም እንደዚያው ነው የሚሠራው። ሌላው ደግሞ የእኛን ቤት ያስታውሰኛል። አንድ ድርጅት ምን ያህል እንደሚያድግ ከአሠራሩ ጥራት ይልቅ የሚናገረው የቤተሰቡ ወንዶች ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ልጅ ወይም ወንድም ካለ ሁለተኛ ፋብሪካ ይከፈታል። ከሌለ ባዕድ አምኖ ቁልፍ የሚሰጥ የለም። ስለዚህ ጎበዙ ድርጅት አይሰፋም፣ ሰነፉም ከገበያ አይወጣም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

—

አስመጪው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል፤ ግን አልተዋጠልኝም። 17 ድርጅት ምን አላት? ደግሞ አማካሪው በነፃ ነው የመጣው። እኔ ለአንድ ፋብሪካ መለዋወጫ አስመጣለሁ። ኤልሲ (ለውጭ ግዢ የባንክ የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ወረፋ ስንጠብቅ መስመሩ በሙሉ ቆሞ ያውቃል። ክሩን ቢደረድሩት ባይደረድሩት ማሽኑ አይዞርም። በ2022 መጀመሪያ ከአጎአ (ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል) ስንወጣስ? ለአሜሪካ ገበያ ይሠራ የነበረ ልብስ ሰፊ ድርጅት ምን ዓይነት ማኔጅመንት ነው ቀረጡን የሚከፍልለት?

—

ፈታይ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

@አስመጪው ኤልሲውንም አጎአንም አልክድህም። አገር አቀፍ ችግር ሁሉንም ይመታል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሁለቱም ያው ዶላር ካጡ፣ ሁለቱም ያው መብራት ከጠፋባቸው፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከየት መጣ?

ቻድ ሲቨርሰን የሚባል ኢኮኖሚስት የአሜሪካን ፋብሪካዎች በየዘርፋቸው አወዳድሯል። በአንድ ጠባብ ዘርፍ ውስጥ ያሉትን ከደካማ ወደ ጠንካራ ብትደረድራቸው፣ ከመቶው 90ኛ ደረጃ ላይ ያለው 10ኛው ላይ ካለው ጋር በእኩል ግብዓት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ያመርታል። ይሄ አሜሪካ ነው፤ መብራት አይጠፋም። ሕንድና ቻይና ላይ ሼና ክሌኖ በ2009 ባወጡት ጥናት ልዩነቱ ከአምስት እጥፍ ይበልጣል።

የናሙናው ማነስ ትክክለኛ ነጥብ ነው። ለዚህ ነው ሌላ ትልቅ ዳሰሳ ያለው። ብሉምና ጆን ቫን ሪነን በ2002 የጀመሩት ነው፤ በስልክ ይጠይቃሉ። 18 ነገሮችን ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጧቸዋል። ሥራ አስኪያጁ ነጥብ እየተሰጠው መሆኑን አያውቅም። ጠያቂውም ድርጅቱ ይትረፍ ይክሰር አያውቅም። ጥያቄውም "ጥሩ ነህ ወይ?" አይደለም። "ማሽን ሲቆም ምን ታደርጋላችሁ? እስቲ የመጨረሻውን ንገረኝ" ዓይነት ነው። አሜሪካ፣ ጃፓንና ጀርመን ከላይ ናቸው። እኛም ተካተናል፤ ከታችኞቹ ውስጥ ነን።

መጨረሻ ላይ ደግሞ "ለራስህ ድርጅት ከ10 ስንት ትሰጣለህ?" ብለው ይጠይቃሉ። ብዙው ሰው ለራሱ ጥሩ ነጥብ ይሰጣል። ያ ነጥብ ግን ከድርጅቱ እውነተኛ ውጤት ጋር ምንም አይገናኝም። ለእኔ ትልቁ ግኝት ይሄ ነው። ችግሩን የማያውቅ ሰው አማካሪ አይፈልግም፣ ብድርም ለዚህ ብሎ አይጠይቅም።

—

ኪውሲዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ኪውሲ (ጥራት ተቆጣጣሪ) ነኝ። የክሩንና የጥገናውን ነገር ስታወራ የእኛን ፎቅ ያየህ ነው የመሰለኝ።

ግን ይሄ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም እኮ። ካይዘን፣ የጃፓኖቹ አሠራርን በየጊዜው የማሻሻል ዘዴ፣ ምን ሆነና? ጃፓኖች በ2009 መጥተው 30 ድርጅት ላይ ሞከሩት። በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አምስቱን ማዎች የማያውቅ የፋብሪካ ሰው የለም፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። እኛም ጋ ተሠርቷል፣ ጥሩም ነበር። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተቀባ። መቀስና መፍቻው ሰሌዳ ላይ በቅርጹ ተሳለ፤ አንዱ ከጠፋ ባዶ ቦታው ይታያል። ኢንላይን ቼክ ጀመርን፤ እንከኑን ቁርጥራጩ ገና ላይን ላይ እያለ እንይዘዋለን። ሪጀክቱ ቀነሰ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ የፕሮዳክሽን ማናጀሩ ለቀቀ። አዲሱ ሰው ኢላማ ብቻ ነው የሚጠይቀው። "ስንት ወጣ?" ይላል፤ "ስንት ተመለሰ?" አይልም። የጠዋቱ ስብሰባ መጀመሪያ አጠረ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ሆነ፣ ከዚያ ቀረ። ማዝለቅ ላይ ነው የምንወድቀው። ጥናቱ ስለዚህ ምን ይላል? የሕንዶቹስ ዘለቀ?

—

ፈታይ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

@ኪውሲዋ እህቴ፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቅሽ። ከዓመታት በኋላ በ2017 ተመልሰው ሄደው አይተዋቸዋል። በአማካሪዎቹ ጊዜ ከተጀመሩት አሠራሮች ወደ ግማሹ ቀርቷል። ከቀሩባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ አንቺ ያልሽው ነው፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ መቀየር። ሌላው ባለቤቶቹ ጊዜ ማጣታቸው ነው።

ያም ሆኖ ከሌሎቹ ጋር ያላቸው ልዩነት አልጠፋም። አሠራሩም እዚያው ድርጅት ሥር ወዳሉት ሌሎች ፋብሪካዎች ተዛምቷል። ግማሹ ቀርቶም ያዋጣል ማለት ነው።

—

ቆራጩ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እኔ ጫማ ቤት ነው የሠራሁት፣ ቆዳ ቆራጭ ነበርኩ። ሁላችሁም ስለ ባለቤትና ስለ ማናጀር ነው የምታወሩት። ሠራተኛውን የጠየቀ የለም።

ስለ ሲያልኮት አንብባችኋል? ፓኪስታን ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ በእጅ የሚሰፋ ኳስ ዋና መናኸሪያ። ኳስ 12 ባለ አምስት ጎንና 20 ባለ ስድስት ጎን ቁርጥራጭ አለው። ቆራጩ ሰው ሠራሽ ቆዳውን ዘርግቶ፣ የብረት ቅርጹን አስቀምጦ፣ በመጫኛ ማሽን ይመታዋል። ባለ አምስት ጎኑ ሲቆረጥ በመካከሉ ብዙ ብጣሽ ይቀራል። አጥኚዎቹ ብጣሹን የሚቀንስ አዲስ ቅርጽ ሠሩ። በድሮው ከአንድ ቆዳ ቢበዛ 250 ይወጣ ነበር፤ በአዲሱ 272። በነፃ ለ35 ድርጅቶች ሰጡ። ከ15 ወር በኋላ የሚጠቀሙበት 5 ብቻ ነበሩ።

ምክንያቱ እኔን አይገርመኝም። ቆራጩ የሚከፈለው በፍሬ ነው። አዲሱ ቅርጽ እጅህ እስኪለምደው ያዘገይሃል። ቆዳ ቢቆጠብ ትርፉ ለባለቤቱ ነው። ቀኑ ግን የሚጎድለው ከአንተ ኪስ ነው። ባለቤቱ መጥቶ "ይሄ ነገር ይሠራል?" ሲልህ ምን ትለዋለህ? "አይረባም" ትለዋለህ። እሱ ደግሞ ራሱ ቆርጦ አያውቅም፤ ያምንሃል።

ከዚያ አጥኚዎቹ ሁለተኛ ሙከራ አደረጉ። ለአንድ ቆራጭ የአንድ ወር ገቢ የሚያህል ብር ሊከፍሉት ቃል ገቡ፤ ባለቤቱ ፊት ቆርጦ እንደሚሠራ ካሳየ። ይቺ ትንሽ ብር ናት። ባለቤቱ ከሚቆጥበው ጋር አትወዳደርም። አዲሱን ቅርጽ የሚጠቀመው ድርጅት ግን በግልጽ ጨመረ።

እኛ ቤት አዲስ አሠራር ሲመጣ "ሠራተኛው ለውጥ አይወድም" ይሉ ነበር። ለውጡ የእሱን ቀን ሲበላበት ማን ይወዳል?

—

አስመጪው
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡25

@ቆራጩ ይሄኛው ገብቶኛል። ከትናንቱ ሁሉ ይሄ አሳመነኝ። ግን ባለቤቱስ ለምን ራሱ ቦነስ አልሰጠም? የገዛ ብሩ አይደለም እንዴ?

—

ቆራጩ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡52

@አስመጪው ትርፍ እንዳለው አላወቀማ። የሚነግረው ሰው የሚጎዳው ሰው ነው። ደግሞ የፍሬ ክፍያው ለዘመናት የተለመደ ነው። ለአንድ ቆራጭ ብትቀይር ነገ ሁሉም ይጠይቅሃል ብሎ ይፈራል።

—

መዝገብ ቤት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡15

ፋብሪካ ብቻ አይደለም። እኔ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ። ቢፒአር መጣ፣ ውጤት ተኮር መጣ፣ ሌላም ሌላም መጣ። ሁሉም የመጣው ቅጽ ይዞ ነው። አንድ ባለሙያ ዕቅዱን ለመሙላት፣ ለመሞላቱ ሪፖርት ለመጻፍ፣ ሪፖርቱ ለመገምገሙ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ስንት ቀን እንደሚያጠፋ ብነግራችሁ ታዝናላችሁ። ተገልጋዩ በሩ ላይ ቆሟል።

ኢምራን ራሱልና ዳንኤል ሮገር ናይጄሪያ ላይ የሠሩት ጥናት ለእኛ የተጻፈ ነው የሚመስለው። 63 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን፣ ከ4,700 በላይ ፕሮጀክቶችን ተከታተሉ። ጉድጓድ ውኃ፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ እንደዚህ ያሉ። 38 በመቶው ጭራሽ አልተጀመረም። ከዚያ የየመሥሪያ ቤቱን አሠራር ለኩ። ባለሙያው በራሱ የመወሰን ነፃነት ያለው ቦታ ብዙ ፕሮጀክት ይጠናቀቃል። ክትትሉና የማበረታቻ ሥርዓቱ የጠነከረበት ቦታ ደግሞ ያነሰ ይጠናቀቃል። ያነሰ! እኔም ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

—

አስመጪው
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡02

@መዝገብ ቤት ይቅርታ፣ ግን በራሱ የሚወስን የመንግሥት ሠራተኛ እኔ ጉምሩክ በር ላይ በደንብ አውቀዋለሁ። ነፃነት ስትሰጠው የሚያደርገውን አይቻለሁ።

—

መዝገብ ቤት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡40

@አስመጪው ስጋትህ እውነት ነው፤ እኔም ከውስጥ ሆኜ የማየው ነው። ግን ጥናቱ የተሠራው ናይጄሪያ ነው፤ ሙስና የሌለበት አገር አይደለም። እዚያም ቢሆን ነፃነት የሰጡት መሥሪያ ቤቶች ናቸው የተሻሉት።

አንድ ባለሙያ ብዙ ዓይነት ሥራ አለው። ክትትሉ የሚቆጥረው ከእነዚያ የሚቆጠረውን ብቻ ነው። ሰው ደግሞ የሚቆጠርለትን ይሠራል። የእኛን ቤት እንዲህ አድርጌ ነው የምረዳው። ቅጹ ላይ "የተሰጠ ሥልጠና ብዛት" ካለ ሥልጠና ይሰጣል። ሰው ይሰልጥን አይሰልጥን ቅጹ አይጠይቅም። ለቴምብርና ለቀረጥ ግን አንተ ትክክል ነህ፤ እዚያ ላይ ቁጥጥር የግድ ነው። ጉድጓድ የሚያስቆፍር መሐንዲስና ቀረጥ የሚተምን ሰው በአንድ ቅጽ መለካታቸው ነው ጥፋቱ።

—

ኦክላንድ ነኝ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡30

እኔ የምኖረው ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ነው። ከእኛ ትንሽ ወረድ ብሎ ፍሪሞንት ላይ አሁን ቴስላ ያለበት የመኪና ፋብሪካ አለ። የዚያ ቤት ታሪክ ለዚህ ክር ይሆናል።

መጀመሪያ የጄኔራል ሞተርስ (ጂኤም) ነበር። በጣም የከፋ ስም ነበረው። በየቀኑ ከአምስት ሠራተኛ አንዱ ይቀር ነበር። በ1982 ዘጉት። በ1984 ጂኤም ከቶዮታ ጋር ተሻርኮ መልሶ ከፈተው። ከተቀጠሩት አብዛኞቹ የድሮዎቹ ሠራተኞች ናቸው፣ ማኅበራቸውም ያው። የተቀየረው አሠራሩ ነው። የተመረጡትን ጃፓን ወስደው ከቶዮታ ሠራተኞች ጎን አሠሯቸው። ከመስመሩ በላይ ገመድ ተዘረጋ። ማንም ሠራተኛ ችግር ካየ ይስባል፤ ኃላፊው ሮጦ ይመጣል፣ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። በድሮው ቤት መስመር ማስቆም የሚያስባርር ጥፋት ነበር። የሚቀረው ሰው ከ20 በመቶ ወደ 2 በመቶ ወረደ።

አሁን የሚያሳዝነውን ስሙ። ጂኤም ይሄን ትምህርት በገዛ ቤቱ ይዞ ወደ ሌሎቹ ፋብሪካዎች ማዛመት አቃተው። ሌላ ቦታ ገመዱን ሰቀሉት፤ ሠራተኛው ሲስብ ግን የሚቆጣው አለቃ ነበር የሚመጣው። ጂኤም በ2009 ኪሳራ አወጀ። የፍሪሞንቱ ሽርክናም በ2010 ተዘጋ።

@ኪውሲዋ የእናንተም ቢጫ መስመር እንደዚሁ ይመስለኛል። ዕቃውን መቅዳት ቀላል ነው። ገመዱን የሳበውን ሰው "አመሰግናለሁ" የሚል አለቃ ነው ከባዱ።

—

እንጨት ቤት
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ልጆች፣ ስከታተላችሁ ነበር። እኔ የቤት ዕቃ መሥሪያ አለኝ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ በር እንሠራለን፤ ጥቂት ልጆች ናቸው አብረውኝ ያሉት። አማካሪ የምቀጥርበት ብር የለኝም። ሥልጠና ሲጠሩኝ እሄዳለሁ፤ ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ አለ። ሒሳቡን ግን ዛሬም በደብተር ጽፌ አንዳንዴ እረሳዋለሁ። ለእንደ እኔ ዓይነቱ ምን አለው ጥናቱ?

—

ፈታይ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጋሼ፣ እርስዎን በቀጥታ የሚመለከት አለ። ስቲቨን አንደርሰንና ዴቪድ ማኬንዚ ናይጄሪያ ውስጥ ትናንሽ ድርጅቶችን በዕጣ ከፋፍለው ሞክረዋል። ለአንዱ ቡድን ሥልጠና፣ ለአንዱ አማካሪ። ለሌሎቹ ደግሞ ሒሳብ ወይም ገበያ የሚያውቅ ሰው እንዲቀጥሩ፣ ወይም ሥራውን ለውጭ ባለሙያ እንዲሰጡ ወጪው ለጊዜው ተደገፈላቸው። ሥልጠናው ደከም ያለ ሆነ። ባለሙያ ማስገባቱ ከሥልጠናው በለጠ፤ አማካሪ ከማምጣት ጋር እኩል ሆኖ በግማሽ ወጪ አለቀ።

ስለዚህ ሁሉንም ነገር እርስዎ ማወቅ የለብዎትም። ከቲቪቲ በአካውንቲንግ የወጣች ልጅ በሳምንት ለግማሽ ቀን መጥታ ደብተርዎን ትያዝልዎት። እርስዎ እንጨቱ ላይ ይሁኑ። መጀመሪያ እንድትነግርዎት የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ከአልጋው፣ ከቁም ሳጥኑና ከበሩ የቱ ነው በትክክል የሚያተርፈው።

—

እንጨት ቤት
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡22

ተባረክ ልጄ። የጎረቤቴ ልጅ እሱን ተምራ ቤት ተቀምጣለች። ዛሬ ማታ አባቷን አናግራለሁ።

—

ከመስመር የወጣች
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡45

እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ አሁን የራሴን ቡና አፈላለሁ። ምርታማነት ሲባል እሰማለሁ። ለማን ነው? የእኛ መስመር በኢላማ አንደኛ የወጣበት ወር ላይ የቤት ኪራይ ከፍዬ ለምግብ የተረፈኝ አልነበረም። ለሽንት ለመሄድ ካርድ መጠበቅ ነበረብን። ካርዱ ሲመጣልሽ ነው የምትሄጂው። አብረውኝ ከገቡት ልጆች ዓመት የሞላት ጥቂት ናት። አለቆቹ "የገጠር ልጅ የፋብሪካ ሥራ አትለምድም" ይሉን ነበር።

—

ፈታይ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

@ከመስመር የወጣች ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። ያልሽው እዚሁ አገራችን በዕጣ ተጠንቷል። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን አምስት ድርጅቶች ውስጥ ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን ለሦስት ከፈሉ። አንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ አገኘ። ሁለተኛው 300 ዶላርና የአምስት ቀን ሥልጠና አገኘ። ሦስተኛው ምንም።

ሥራ ካገኙት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። በዓመቱ 77 በመቶው ለቀዋል። ደመወዙ ከፋብሪካው ውጭ ሠርተው ከሚያገኙት የተሻለ አልነበረም፤ ከባድ የጤና ችግር ያለበት ሰው ግን በዛ። ብሩን የወሰዱት ገቢያቸው በዓመት ውስጥ በ33 በመቶ ጨመረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታዩ ግን በቡድኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ጠፍቷል።

ይሄ "አትለምድም" የሚለውን የሚያፈርስ ነው። ሰዎቹ ሥራውን አይተው፣ ካለው አማራጭ ጋር መዝነው ነው የወጡት።

—

ኪውሲዋ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡15

@ከመስመር የወጣች የእኔ እህት፣ ካርዱ እኛም ጋ አለ። ስንናገር "ዲሲፕሊን" ነው የሚባለው።

ይሄን ክር ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ። እኛ ሪጀክትን በየላይኑ እንቆጥራለን። የለቀቀን ሰው ግን በየላይኑ የሚቆጥር የለም፤ የሰው ኃይል ክፍሉ በወሩ መጨረሻ ደምሮ ያስገባዋል። አዲስ ልጅ ኮሌታ ላይ ስትቀመጥ እጇ እስኪፈታ ድረስ ከእሷ በኋላ ያሉት ሁሉ ይጠብቃሉ፣ እንከኑም ከእሷ ጋ ይበዛል። ስለዚህ ሪጀክቱና የሚለቀው ሰው አንድ ላይ መታየት ያለባቸው ነገሮች ናቸው። ሰሌዳው ላይ ከእንከኑ ቀጥሎ "በዚህ ሳምንት የለቀቁ" የሚል ረድፍ እንዲጨመር ለማናጀሩ አቀርባለሁ፤ በላይን፣ በሱፐርቫይዘር ስም። ሱፐርቫይዘሮቹ እንደማይወዱት አውቃለሁ። @ቆራጩ እንዳልከው፣ ለእነሱ ምን እንደሚያስገኝላቸው ቀድሜ ማሰብ አለብኝ። ሐሳብ ያላችሁ ጻፉልኝ።

—

ቆራጩ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡38

@ኪውሲዋ የሱፐርቫይዘሩ ቦነስ አሁን በወጣ ፍሬ ብቻ ከሆነ፣ ከሱ ላይ ትንሹን ቆርጣችሁ ሦስት ወር ለቆየ ሰው አድርጉት። ከዚያ ካርዱን ራሱ ያነሳዋል።